የቤት ቁጥር፦ አዲስ

ማዘጋጃ ቤት የሚለው የአማርኛ ስያሜ በውስጡ ምን እንደሚዘጋጅ አይናገርም። በጠጅ ቤት ጠጅ ይጠጣል፣ በፍርድ ቤት ፍርድ ይሰጣል፤ ማዘጋጃ ቤት ግን ማዘጋጀቱን ብቻ አሳውቆ፣ ምኑን፣ ለማንና እስከ መቼ የሚሉትን ጥያቄዎች ለነዋሪው ትዕግሥት ትቷቸዋል። የሹሙ መጠሪያ የሆነው ከንቲባም ቢሆን ከአስፋልትና ከቧንቧ በፊት በጎንደር ይታወቅ የነበረ ጥንታዊ ማዕረግ በመሆኑ፣ ቆሻሻ ስለማንሳት ወይም የመንገድ መብራት ስለመጠገን የሚያስገድደው ትርጉም ከስሙ ውስጥ አይገኝም። በጣሊያናዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ በ1950ዎቹ የተሠራው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ከቸርችል ጎዳና አናት ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲመለከት፣ ከተማዋ ዓይኑ እስከሚያይበት ድረስ ብቻ የምትዘልቅ ሳይመስለው አልቀረም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከተማዋ ከዓይኑም ከእጁም ርቃ ሄዳለች።

በነዋሪው አንደበት ማዘጋጃ ቤትን ያስረሳው ቀበሌ ነው። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን፣ ይኸውም ባለቤቱ ከሚኖርበት ውጪ ያለውን ቤት፣ የመንግሥት ባደረገ ጊዜ የነዋሪዎች ማኅበራት በየቀበሌው ተቋቁመው፣ ወርኃዊ ኪራዩ ከመቶ ብር ያልበለጠውን ቤት እንዲያስተዳድሩ ተደረገ። ቀበሌ ስኳር አከፋፈለ፣ የጎረቤት ጥል ዳኘ፣ ስብሰባ ጠራ፤ በሩን ማለፍ የሚያስፈራበት ዘመንም ነበረ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአሥር ክፍለ ከተሞች ከተዋቀረች በኋላ የታችኛው እርከን ውሎ አድሮ ወረዳ ተባለ፤ ሆኖም ነዋሪው እስከ ዛሬ «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» ከማለት አልታቀበም፣ የወረዳው ሠራተኛም ቢሆን የሚሰጠውን ካርድ በቤቱ ሲጠራው «የቀበሌ መታወቂያ» ነው የሚለው።

የአስተዳደርና የነዋሪ ግንኙነት ጠባይ በደንብ የሚታየው ግን በመሀል ከተማ ሳይሆን በዳር ነው። የከተማ ፕላን ትምህርት መንገድ እንደሚቀድም፣ ቧንቧና የመብራት ምሰሶ እንደሚከተሉ፣ ሰው በመጨረሻ እንደሚገባ ያስተምራል፤ በአዲስ አበባ ዳርቻ ግን ሰው አስቀድሞ ይገባና የቀረውን ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጨረቃ ቤት የሚለው ቃል የዚህ ቅደም ተከተል ማስረጃ ሲሆን፣ ሲመሽ ያልነበረ፣ በሌሊት በጨረቃ ብርሃን ተሠርቶ ሲነጋ ጭስ ሲወጣበት የሚገኝ፣ ካርታም ፈቃድም የሌለው ቤት ማለት ነው። ከአስተዳደር አገልግሎቶች ሁሉ ለጨረቃ ቤት ፈጥኖ የሚደርስለት ደንብ አስከባሪ ብቻ ነው፤ ይህም አስተዳደሩ ሲፈልግ ዳር ድረስ መምጣት እንደማያቅተው ያረጋግጣል።

የዳር ሰፈር ስሞችም ከአስተዳደሩ የመጡ አይደሉም። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ሲሆን ከከተማዋ በፊት የነበረ ስም ነው፤ ሲኤምሲ ደግሞ በአንድ የጣሊያን የኮንስትራክሽን ኩባንያ ስም ይጠራል። ከዚያ ወዲያ ያለው አቅጣጫ የሚነገረው በባጃጅ ሹፌር ቋንቋ ነው፤ ባጃጁ እስከሚገባበት፣ ከሠፈሩት ሰዎች መካከል መጀመሪያ ፎቅ የሠራው ሰው ቤት ጋ፣ ከወፍጮው ዝቅ ብሎ፣ ውሻ ካለበት ግቢ ፊት ለፊት እየተባለ ይቀጥላል። ወፍጮው ከተዘጋ፣ ውሻውም ከሞተ ዓመታት ቢያልፉ አድራሻው አይለወጥም።

ከዚህ የተነሣ በመታወቂያ ላይ የሚሰፍረው አድራሻ ልዩ ጥናት የሚገባው ጽሑፍ ነው። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር የሚሉት ክፍት ቦታዎች በየተራ ይሞሉና፣ ቁጥር ያልተሰጠው ቤት ባለቤት የቤት ቁጥሩ ሲጠየቅ «አዲስ» ተብሎ ይጻፍለታል። አዲስ የሚለው ቃል በዚህ አገባቡ ቅጽል መሆኑን ትቶ ቁጥር ሆኗል፤ ከቁጥሮች ሁሉ የሚለየውም አንድ ሺህ ጎረቤቶች በጋራ ሊይዙት በመቻላቸው ነው። ቤቱ ጣራው ዝጎ ሁለት ጊዜ ቆርቆሮ ሲቀየርለት፣ በግቢው የተተከለው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ዳግመኛ ሲያቆጠቁጥ፣ እዚያው የተወለደችው ልጅ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ፣ ቤቱ በመዝገብ አሁንም አዲስ ነው። በአገሪቱ ከእርጅና የተጠበቀ ነገር ቢፈለግ ይኸው ቤት ይገኛል።

ቁጥር ያለው ነዋሪም ቢሆን አድራሻው እንደጸና እንዲቆይለት ዋስትና የለውም። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ሆኖ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ሲቋቋም፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አንድ ሶፋ ሳያነሣ፣ አንድ የጭነት መኪና ሳይከራይ ክፍለ ከተማ ለወጠ። በቦሌ የተኛ ሰው በለሚ ኩራ ነቃ፤ ለጓደኞቹ «ቦሌ ነው የምኖረው» ማለት ይቀናው ለነበረ ሰው ነገሩ ቀላል ኪሳራ አልነበረም።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ በሕጉ አነጋገር የጋራ ሕንፃ ነዋሪ፣ በቁጥር በኩል የታደለ ነው፤ ብሎኩም ቤቱም በግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎለታል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1990ዎቹ መጨረሻ በስፋት ሲጀመርና በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚሉ መርሐ ግብሮች ሲከፈት፣ ፊተኛው ቁጥር ተመዝጋቢው የሚቆጥበው፣ ኋለኛው ባንክ የሚያበድረው መቶኛ ነበር። ቁጥሮቹ ግን በባንክ ደብተር ላይ አልቆዩም፤ ወደ ሽማግሌዎች ጨዋታ ገብተው ስለ አንድ ሙሽራ ሲጠየቅ «ልጁ አርባ ስልሳ ደርሶታል» የሚለው መልስ ስለ ትውልዱና ስለ ትምህርቱ ከሚነገረው ሁሉ በላይ የሚመዝንበት ጊዜ መጥቷል። ዕጣ የደረሰው ሰው ቁልፍ ተቀብሎ ሲገባ መስኮት፣ በርና ወለል እንዳለው ያረጋግጣል፤ ውኃ፣ መብራትና መንገድ ያለው መሆኑን ለማረጋገጥ ግን ከዓመታት ኑሮ በኋላ የሚገኝ ልምድ ያስፈልገዋል።

ወረዳ ጽሕፈት ቤት የገባ ሰው ባለጉዳይ ይባላል። ቃሉ ክቡር ነው፤ ባለርስትና ባለሀብት ከሚሉት ጋር በአንድ ሰልፍ የሚቆም፣ ሰውየውን የጉዳዩ ጌታ የሚያደርግ ስም ነው። የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ የተባለው የአሠራር ማሻሻያ ከመጣ ወዲህ ግን ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠውም ሰው «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተብሏል። እንግዲህ አንደኛው የጉዳዩ፣ ሌላኛው የሂደቱ ባለቤት ሆነው በአንዲት ጠባብ ክፍል ሲፋጠጡ፣ ጉዳዩ ያለ ሂደት መሄድ፣ ሂደቱም ያለ ጉዳይ መኖር የማይችል ቢሆንም፣ በተግባር ሲታይ ሂደቱ ያለ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ በሰላም ሊኖር ይችላል። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፤ ይህም እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ደቂቃ፣ በስንት ብርና ምን ሲሟላ እንደሚሰጥ የሚዘረዝር ሠንጠረዥ ሲሆን፣ ደቂቃዎቹን አንብቦ ለመጨረስ የሚያስፈልገውን ሰፊ ጊዜ ወረፋው ራሱ ይሰጣል።

ከሰነዶች ሁሉ የአገሩን ባህል አጥብቆ የያዘው መሸኛ ነው። ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ የሚዛወር ነዋሪ ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ሳያመጣ በአዲሱ አይመዘገብም፤ እንግዳን እስከ ደጅ ሸኝቶ መመለስ ወግ በሆነበት አገር መንግሥትም ነዋሪውን በወረቀት ይሸኘዋል ማለት ነው። እውነተኛ ሸኚ እንግዳውን «ትንሽ ቆይ፣ ቡና ተፈልቶልሃል» እያለ ያዘገየዋልና፣ የወረዳው ሽኝትም በዚህ ረገድ ከባህሉ ፈቀቅ አይልም። ተከራይ ደግሞ ከሽኝቱ ሌላ የአቀባበል ፈተና አለበት፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ አከራዩ ወረዳ ድረስ ብቅ ማለት ሲኖርበት፣ ግብርን የሚፈራ አከራይ ብቅ ከማለት ይልቅ ተከራዩን «የወንድሜ ልጅ ነው» ብሎ ማስተዋወቅን ይመርጣል። በዚህ መንገድ በዳር ከተማ የሚገኙ የወንድም ልጆች ቁጥር ከወንድሞች ቁጥር ጋር ጨርሶ የማይመጣጠን ሆኗል።

ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በሕግ ቋንቋ ወሳኝ ኩነት ይባላሉ። ኩነት ከግእዙ «ኮነ»፣ ሆነ ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ የሆነ ነገር ማለት ነው፤ የሆነው ነገር በመንግሥት መዝገብ መስፈር በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ወረዳዎች ያልሆነ ነገርም ይመዘግባሉ፤ ያላገባ የምስክር ወረቀት የሚባለው ሰነድ አመልካቹ ጋብቻ አለመፈጸሙን የሚያረጋግጥ ሲሆን፣ ለዚሁ ሲባል ምስክሮች ቀርበው ስላላዩት ሠርግ ቃላቸውን ይሰጣሉ። ሠርግን ማየት ቀላል ነው፤ ድንኳን አለ፣ ሚዜ አለ፣ ጠጅ አለ። የሌለን ሠርግ እርግጠኛ ሆኖ አለማየት ግን ከምስክሩ ከፍ ያለ ችሎታ ይጠይቃልና፣ ምስክሮቹ ከፊርማው በኋላ ምሳ ቢጋበዙ የድካማቸው ዋጋ እንጂ ጉቦ ተብሎ ሊቆጠር አይገባም።

በቀድሞው ዘመን አገልግሎት የሚያቋርጠው ምክንያት «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው «ሲስተም የለም» በሚለው ተተክቷል። ሲስተም ማለት መዝገቡ የሚገኝበት የኮምፒውተር መረብ ነው። ሁለቱን ምክንያቶች ያነጻጸረ ባለጉዳይ ድሮውን መናፈቁ አይቀርም፤ ስብሰባ የገባ ሰው ምሳ ሰዓት ላይ መውጣቱ ስለማይቀር በር ላይ ጠብቆ ማስፈረም ይቻል ነበር፣ ሲስተም ግን የሚወጣበት በር አይታወቅም፣ ዘመድም የለውም፣ የአገሩም ልጅ ተፈልጎ አይገኝም። ሲስተሙ በመጣባት ብርቅ ሰዓት ደግሞ ቲተሩ፣ ማለትም የፈራሚውን ስምና ኃላፊነት የያዘው ባለ አራት ማዕዘን ማኅተም፣ በተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። ይህን ሁሉ አስቀድማ የምታውቀው ከወረዳው በር ፊት ለፊት ባለች የቆርቆሮ ክፍል ፎቶ ኮፒ የምታነሣው ሴት ናት፤ የትኛው ሰነድ ስንት ኮፒ፣ ስንት ጉርድ ፎቶ እንደሚፈልግ፣ ማን ዛሬ እንደገባና ማን ለቅሶ እንደሄደ ጠንቅቃ ስለምትናገር፣ ቻርተሩ በእርሷ በር ላይ ቢለጠፍ ይበልጥ ይታመን ነበር።

ውኃ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይገባዋል። አዲስ አበባ የምትጠጣው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም በአቃቂ በኩል ካሉ ጥልቅ ጉድጓዶች ሲሆን፣ የሚደርሰው መጠን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይበቃ በፈረቃ ይታደላል። ፈረቃ በፋብሪካ የተለመደ ቃል ነው፤ በፋብሪካ ሠራተኛው ወደ ሥራው ሲመጣ፣ በዳር ከተማ ግን ሥራው ራሱ ወደ ሰውየው የሚመጣው፣ ብዙውን ጊዜም ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በምሥራቅ ዳርቻ የሚኖር ሰው ከመሀል ከተማው ነዋሪ ይልቅ ለለገዳዲ ግድብ የሚቀርብ ቢሆንም፣ ውኃ እንደ ትልቅ ሰው ቅርብ ዘመዱን የሚጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው።

የፈረቃው ሥርዓት የራሱን ሥልጣኔ ፈጥሯል። የእናቶች ጆሮ ሕፃን ሲያለቅስ ባይነቃ እንኳ ቧንቧ አየር ሲተፋ ይነቃል፤ «መጣ!» የሚለው ጥሪ ከአንዱ በረንዳ ወደ ሌላው ሲያልፍ፣ ቢጫው ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ ባልዲው፣ ሳፋው፣ ድስቱ ሳይቀር ይሰለፋል። በአብዛኛው ከአራተኛ ፎቅ በላይ የማይዘልቁትና አሳንሰር የሌላቸው የ20/80 ብሎኮች በዚህ ሰዓት የማኅበራዊ ደረጃ ካርታ ይሆናሉ፤ ግፊቱ ደካማ በመሆኑ ምድር ቤት ያለው ቤተሰብ ጀሪካኑን ሞልቶ ልብስ ማጠብ ሲጀምር፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ገና የቧንቧውን ፉጨት ያዳምጣል። በዕጣ ቀን አራተኛ ፎቅ ደርሶት «አየሩ ጥሩ ነው፣ ሁሉ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል» ያለው ሰው፣ ከሚታየው ነገር ዋነኛው የታችኛው ጎረቤት የሚያፈስሰው ውኃ መሆኑን ያኔ አልተረዳም። መፍትሔው ሮቶ ነው፤ ሮቶ የፕላስቲክ በርሜል የሚያመርት ድርጅት የንግድ ስም ሲሆን፣ እንደ ባጃጅና እንደ ሃይገር ሁሉ ከንግድ ስምነት ወጥቶ የዳር ከተማ መደበኛ አማርኛ ሆኗል። ቤት ሊከራይ የመጣ ሰው ስለ መኝታ ክፍል ብዛት ከመጠየቁ በፊት «ሮቶ አለው?» ይላል፤ አስተዋይ ቤተሰብም የክርስትናውን ቀን ከመቁረጡ በፊት የፈረቃውን ቀን ከጎረቤት ያጣራል።

ስለ ቆሻሻ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የማንሻው ክፍያ ከውኃ ሒሳቡ ጋር ታስሮ፣ በመቶኛ እየተሰላ ለዓመታት ሲሰበሰብ ኖሯልና፣ በዚህ ስሌት መሠረት ውኃ የማይመጣለት ቤት ቆሻሻም የማያወጣ ንጹሕ ቤት ነው። ከቤት ወደ ቤት የሚሰበስቡት በማኅበር የተደራጁ ሰዎች ጋሪያቸውን እየገፉ ሲመጡ፣ ከእነርሱ ቀድሞ ግን ቆራሌው አልፏል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየተጣራ ብረታ ብረትና አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ይህ ነጋዴ፣ ማንም በጀት ሳይመድብለትና የአፈጻጸም ሪፖርት ሳያቀርብ በየማለዳው ስለሚገኝ፣ ከአገልግሎት ሰጪዎች ሁሉ የሰዓት አክባሪነት ዋንጫ የሚገባው እርሱ ነው።

ይህ ሁሉ ሲደመር አንድ የማይጠበቅ ነገር አስከትሏል፤ አገልግሎት ሲጠብቅ የኖረው የዳር ከተማ ነዋሪ ሳያስበው ራሱ ማዘጋጃ ቤት ሆኖ ተገኝቷል። ኮብልስቶን፣ ማለትም በእጅ የተጠረበው የድንጋይ ንጣፍ፣ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገዱ እንዲገባ ነዋሪው ኮሚቴ መርጦ ገንዘብ ያዋጣል፤ ይህም የኅብረተሰብ ተሳትፎ ይባላል። የሌሊት ጥበቃ ደመወዝ የሚከፈለው በመዋጮ ነው። ለተቃጠለ የደረጃ አምፖል፣ ለተሰበረ ፓምፕ፣ ለሞላ ፍሳሽ ጉድጓድ መዋጮ አለ። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶቹ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ስለሚያዝ፣ በጡረታ ያረፈ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ የብሎክ ሰብሳቢ ተብሎ ይመረጥና ዕረፍቱ በዚያው ያበቃል። ሰብሳቢው ደመወዝ፣ መኪናና ጸሐፊ የሌለው ከንቲባ ነው፤ ስብሰባ ሲጠራ ሰው አይመጣም፣ ውኃ ሲጠፋ ግን ሁሉም ሰው በሩን ያውቀዋል። ካርኒ ቆርጦ መዋጮ ሲሰበስብ «ነገ ተመለስ» የሚባለውም እርሱ ነው፤ ይህን ቃል ወረዳ ተመላልሰው ያልተማሩ ጎረቤቶች የሉትም።

በዚህ መካከል ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ አስተዳደሩ አስቀድሞ ያሰበው አንድ ነገር መነሣት አለበት። የኮንዶሚኒየም ነዳፊዎች በሬ ደረጃ እንደማይወጣ ተገንዝበው፣ ለቅርጫ፣ ይኸውም ለጋራ በሬ እርድና ክፍፍል፣ ለልብስ እጥበትና ለድግስ የሚሆን ኮሚናል የተባለ የጋራ መገልገያ ቤት በየብሎኮቹ መካከል ሠርተዋል። ይህ የአገሩን ሰው ኑሮ የተረዳ ንድፍ ነው፤ የአውሮፓ አርክቴክት ስለ መኪና ማቆሚያ በሚጨነቅበት ቦታ የበሬ ማረፊያ ማሰብ ትልቅ አስተዋይነት ነው። በብዙ ቦታ ግን ኮሚናሉ ሱቅ ወይም የማኅበር ቢሮ ሆኖ ስለሚገኝ፣ የበዓሉ በሬ ዛሬም ከመኪኖቹ መካከል ታስሮ ያድራል፣ ጠዋትም ባለመኪናው ከባለ በሬው ጋር ይነጋገራል።

ነዋሪው ካቆማቸው ተቋማት ሁሉ የማይታማው እድር ነው። ሰው የሞተበትን ቤተሰብ ለመደገፍ በወርኃዊ መዋጮ የሚቆመው ይህ ማኅበር በአዲስ ሰፈር ከመንገድም ከቧንቧም ቀድሞ ይደርሳል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ በቁጥር ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ጡሩምባ ነፊው በማለዳ ይዞራል፣ በየብሎኩም የቴሌግራም መልእክት ጡሩምባውን ያግዘዋል። እድር ሲስተም የለም ብሎ አያውቅም፤ መዝገቡ ባለ መስመር ደብተር ነው።

ነገሩ እየተሻሻለ አይደለም ማለት ግን አይቻልም። የውኃና የመብራት ሒሳብ በስልክ መከፈሉ ሰልፎችን አሳጥሯል። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ፣ ስሙ ጥቅም ማለት እንደመሆኑ፣ በብዙ ቢሮ ሌላ ወረቀት መጠየቅን እየቀነሰ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ደግሞ ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ ባለጉዳይን እንደ ቤተሰብ በአንድ ማዕድ ለማስተናገድ የታሰበ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው የአገሩን ጠባይ ያውቃል፤ በመሶብ ዙሪያ ወረፋ የለም፣ እጅ ታጥቦ መቅረብ ብቻ ነው። እጅ መታጠቡ በፈረቃ የሚወሰንበት የዳር ከተማ ነዋሪም ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ በመጠበቅ በኩል ከእርሱ የሚበልጥ ልምድ ያለው ሰው ከመሀል ከተማ አይገኝም።

ከሠፈሩ ቀዳሚዎች አንዱ የሆኑ አዛውንት ሲያርፉ እድሩ ጡሩምባ ያስነፋል፣ ድንኳኑ በኮብሉ ላይ ይተከላል፣ ሦስት ሮቶ ከጎረቤት ይለመናል፣ ለቀስተኛውም ወፍጮው ከነበረበት ዝቅ ብሎ እየተጠቆመ ይመጣል። ለቅሶው ካበቃ በኋላ ልጃቸው ሁለት ጉርድ ፎቶና የቀብር ማስረጃውን ይዞ ሞቱን ለማስመዝገብ ወረዳ ይሄዳል፤ ሲስተሙም በዕድል አለ። መዝጋቢዋ የሟችን ሙሉ ስም፣ ክፍለ ከተማና ወረዳ ጽፋ ስታበቃ ቀና ብላ የቤት ቁጥር ትጠይቀዋለች።